ከቤት ሆኖ መሥራት በጅማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ተቀምጠው ለአዲስ አበባ ድርጅት ሂሳብ የሚሠሩ አሉ። ለውጭ አገር ደንበኛ ዲዛይን የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙ፣ ኮድ የሚጽፉም አሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ቤት ሆነው የሚጨርሱ ተማሪዎችም አይጠፉም። ሥራቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው ያው ነው፦ ወገብ፣ መብራት፣ ኔትወርክ፣ ዝናብ። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው፣ ውድ የውጭ ዕቃ እስኪገኝ ወገባችሁን እያሳመማችሁ እንዳትጠብቁ ነው። የራሳችሁን ልክ ለኩና ወደ አናጺ ሂዱ። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በእንጨት ያቆመ አገር ለእናንተ ወንበር አያጣም።

ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል። የቢሮ ወንበር ለመግዛት ደግሞ አቅም የለኝም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ሜትር ነው። ቤት ውስጥ የምትጫሙትን ነጠላ ጫማ ወይም ሸበጥ አድርጉ፤ ጠንካራ ነገር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይለካችሁ። ራስን መለካት ያሳስታል፤ ሰው ጎንበስ ሲል ልኩ ይለወጣል።

ሦስት ልክ ይበቃል። አንደኛው ከጉልበት መታጠፊያ ሥር እስከ ወለል ነው። የወንበሩ መቀመጫ ከፍታ ይሄ ነው። ሁለተኛው ከመቀመጫችሁ ጀርባ እስከ ጉልበት መታጠፊያ ነው። ከዚህ ላይ አራት ጣት ያህል ቀንሱ፤ የቀረው የመቀመጫው ጥልቀት ይሆናል። አራት ጣቱ ካልተቀነሰ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበት ኋላ ያለውን ሥጋ ይጫናል፤ እግር ይደነዝዛል። ሦስተኛው ትከሻችሁን ዘና አድርጋችሁ ክንዳችሁን ስታጥፉ ከክርን እስከ ወለል ያለው ነው። ጠረጴዛው በዚህ ከፍታ ወይም ከዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። ወንበር ይወቅሳል፣ ጥፋተኛው ግን ጠረጴዛው ነው። የተለመደው ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጉልበቷ እስከ ወለል 40 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ብትቀመጥ ክርኗ 63 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ጠረጴዛው በ12 ሴንቲ ሜትር ይበልጣታል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን ሰቅላ ትጽፋለች፤ ማታ አንገቷንና ትከሻዋን ይይዛታል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የጠረጴዛው እግር ይቆረጥ፣ ወይ ወንበሩ በትራስ ከፍ ይበልና ከእግር ሥር የእንጨት ሳጥን ይግባ። እግር ተንጠልጥሎ መዋል የለበትም።

አናጺው ጋ ስትሄዱ የሚከተለውን ንገሩት። መደገፊያው ቀጥ ብሎ የቆመ አይሁን፤ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብል። ከመቀመጫው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ የወገብ ጉድጓድ ያለበት ቦታ ላይ፣ በስስ ወደ ፊት የወጣ ድጋፍ ይኑረው። የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ክብ ተደርጎ ይላግ። ስፖንጁ ጠንካራው ይሁን። ለስላሳው ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፤ በወራት ውስጥ ግን ይሰምጥና እንጨቱ ላይ ያስቀምጣችኋል።

ስለ እንጨቱም ጠይቁ። ዋንዛ ለወንበር ጥሩ ነው፤ አይከብድም፣ በቀላሉ አይጣመምም። ባሕር ዛፍ ይረክሳል፣ ግን በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ ይሄ እዚህ ቀልድ አይደለም። በበጋ ቀጥ ብሎ የተረከባችሁት ወንበር ክረምት ሲገባ መወላገድ ይጀምራል። «መቼ ተቆረጠ? የት ደረቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ አናጺ ይሄ ጥያቄ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ እሱ ጋ ካለ ወንበር ላይ ተቀመጡና ልዩነቱን አሳዩት። በቃል ከመግለጽ ይሻላል።

የጅማ በርጩማስ? ቤታችን ውስጥ አለ።

በርጩማ የምወደው ዕቃ ነው። ሦስት እግር ስላለው ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ አራት እግር ያለው ወንበር ይሄን አይችልም። ቡና ለመጠጣት፣ ስልክ ለማውራት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለማንበብ ይሆናል። ስምንት ሰዓት ለመሥራት ግን መደገፊያ የለውም፣ ዝቅም ይላል። ከጠረጴዛው ሥር እግር ማሳረፊያ ሊሆናችሁ ይችላል፤ ቁመቱ ከበዛ ግን ጉልበታችሁን ሰቅሎ ሌላ ችግር ያመጣል።

አንገቴን ያመኛል። ላፕቶፕ ነው የምጠቀመው።

የላፕቶፕ ችግር ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። ኪቦርዱ ለእጅ ከተመቸ ስክሪኑ ለዓይን ዝቅ ይላል፤ አንገት ይጎብጣል። ላፕቶፑን ከፍ አድርጉት፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ እኩል ይሁን፤ ርቀቱም ክንድ ሲዘረጋ የሚነካው ያህል። ወፍራም መጻሕፍት ይበቃሉ። አናጺው ወንበሩን ሲሠራ ከቁርጥራጩ ዘንበል ያለ ማስቀመጫ ቢያወጣላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከሥሩ አየር እንዲገባ ክፍት ይተወው።

ላፕቶፑ ከፍ ካለ የግድ ሌላ ኪቦርድና ማውስ ያስፈልጋል። እጅን ሰቅሎ መጻፍ ከአንገት መጎበጥ አይሻልም። በትንሽ ብር አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ፣ ሳላመነታ የምመልስለት ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ነው። መልቲ ፎካል (ሩቅም ቅርብም የሚያሳይ) መነጽር የምታደርጉ ስክሪኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ አለበለዚያ በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ለማየት አገጫችሁን ስታነሡ ትውላላችሁ።

ለዓይን ደግሞ የታወቀው ምክር አለ፦ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ተመልከቱ። ጠረጴዛችሁን ከመስኮት ጎን አድርጉት። መስኮቱ ከፊት ከሆነ ዓይን ያጥበረብራል፤ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ከጎን ከሆነ ብርሃኑም ይገባል፣ ዞር ብላችሁ የጊቢውን ዛፍ ማየትም ትችላላችሁ።

አልጋ ላይ ሆኜ ብሠራስ?

ኢሜይል ለማየት ምንም አይልም። ቋሚ የሥራ ቦታ ግን አታድርጉት። ወገብም እንቅልፍም ይበላሻል። ላፕቶፑም ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ የአየር መውጫው ይዘጋና ይግላል።

መብራት ሲጠፋ ሥራዬ ይቋረጣል። ምን ዓይነት መጠባበቂያ ልግዛ?

ግልገል ጊቤ ቅርባችን ሆኖ ለምን ይጠፋብናል የሚል ሰው አይጠፋም። 184 ሜጋ ዋት ያለው ያ ግድብ ኃይሉን የሚሰጠው ለብሔራዊው መስመር ነው። እኛ ቤት መብራት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በሰፈሩ መስመር ነው፤ ዛፍ ይወድቃል፣ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ንፋስ ሽቦ ያገናኛል። ስለዚህ መጠባበቂያ ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ግማሹን ተገላግሏል፤ ባትሪው ራሱ መጠባበቂያ ነው። የሚቀረው ራውተሩ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ እየሠራ ዋይፋዩ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የራውተሩን ጀርባ ወይም የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚል ከሆነ ቢበዛ 12 ዋት ነው የሚበላው። ለዚህ የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፤ በራውተሩና በቻርጀሩ መካከል ይገባል፣ መብራት ሲሄድ ራሱ ይረከባል። ስትገዙ ቮልቱ ከራውተሩ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ፓወር ባንክም ይሠራል፤ ለራውተር ግን የራውተሩን ቮልት የሚሰጥ ገመድ ያስፈልገዋል። ሂሳቡን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመሃል የሚባክነው ሲቀነስ 60 ገደማ ይቀራል። 12 ዋት ለሚበላ ራውተር አምስት ሰዓት ያህል፣ 30 ዋት ለሚበላ ላፕቶፕ ሁለት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ለላፕቶፕ የሚሆነው ላፕቶፑ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነና ፓወር ባንኩም ያንን ያህል ዋት የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈ ትልቅ ቁጥር አያታልላችሁ፤ ዕቃው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ዋት ሰዓት ፈልጉ።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ዩፒኤስ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሰው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ገዝቶ ሦስት ሰዓት ሊሠራ ያስባል። ያ ዕቃ የተሠራው ፋይል አስቀምጣችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንድታጠፉ ነው፤ የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው። ባትሪውም በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል።

ሌላው፣ መብራት ሲሄድ ዕቃውን ንቀሉ። ሲመለስም ትንሽ ጠብቁ። ቶሎ ቶሎ እየመጣ እየሄደ፣ ቮልቱም ከፍ ዝቅ እያለ ነው ቻርጀር የሚቃጠለው። ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር አትሰኩ፤ ምጣድና ምድጃ ደግሞ በፍጹም ከኮምፒውተር ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አይሁን።

አከራዬ «ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ከፍተህ ቆጣሪ ታበዛለህ» ይሉኛል። እውነት ነው?

በቁጥር እንየው። ላፕቶፕ አብዝተን 50 ዋት ይበላል ብንል በ8 ሰዓት 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። ያለማቋረጥ አንድ ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የአንድ ሰዓት እንጀራ ጋገራ የእናንተን ከስምንት የሥራ ቀን በላይ ያህላል። አምፖሉና ራውተሩ ቢጨመሩ እንኳ ነገሩ ብዙም አይለወጥም።

ይሄን ለእሳቸው በክርክር መልክ አታቅርቡት። ቁጭ ብላችሁ፣ ቡናው ተቀድቶ እያለ፣ ቆጣሪውን አብራችሁ እዩ። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ቁጥሩን ጻፉ፣ ማታም ጻፉ። በጋራ ቆጣሪ የሚኖር ሰው ድርሻውን አስቀድሞ በስምምነት ቢወስን ለሁሉም እረፍት ነው። በነገራችን ላይ፣ ምጣድ ሲከፈት አምፖሉ ፈዘዝ የሚል ከሆነ የቤቱ መስመር ተጨንቋል ማለት ነው። የጋገራ ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቁና አስፈላጊ ስብሰባችሁን በዚያ ሰዓት አታድርጉ። መስመሩንም ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስብሰባ አያሰማም።

ይሄ የጅማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዝናቡ እዚህ ረጅም ወቅት አለው፤ ከመጋቢትና ሚያዝያ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ሲመታ የራስን ድምፅ እንኳ መስማት ያቅታል።

ኮርኒስ ማሠራት የምትችሉ አሠሩ፤ ከቆርቆሮው ጋር ያለው ክፍተት ድምፁን ይቀንሳል፣ የቀትር ሙቀቱንም ያበርዳል። ተከራይ ከሆናችሁ በማይክ ነው የምትታገሉት። ማይኩ ወደ አፍ የሚጠጋ ሄድሴት ያዙ። የላፕቶፑ ማይክ ክፍሉን ሁሉ ይሰማል፤ ዝናቡንም አብሮ ይወስደዋል። ዙምና ጉግል ሚት ላይ የጀርባ ድምፅ የሚቀንስ ማስተካከያ አለ፤ ክፈቱት። የማትናገሩ ከሆነ ድምፃችሁን ዝጉ።

ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚጠነክረው። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ስብሰባውን ከረፋዱ 3 እና 6 ሰዓት መሃል አድርጉት። ያልተመቸ ቀን ሲያጋጥም ደግሞ «ዝናቡ እስኪያባራ በጽሑፍ እንነጋገር» ማለት ነውር የለውም።

መብረቅና እርጥበትስ ለዕቃው ያሰጋል?

አዎ፣ ሁለቱም። ነጎድጓድ ሲቀርብ ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ስታቢላይዘርም መብረቅን አያስቆምም። ኢንተርኔታችሁ በስልክ ሽቦ የሚገባ ከሆነ ሽቦውንም ከራውተሩ ንቀሉ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ በስልክ መስመሩ የገባ ኃይል ራውተር ሲያቃጥል ይታያል።

ለእርጥበቱ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ላፕቶፕ ወለል ላይ አይደር። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟቸውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ቦርሳው ውስጥ ጨምሩ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር መስኮት ክፈቱ። የሻገተ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ መዋል ለሳንባም አይሆንም፤ በተለይ አስም ላለበት።

ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የማደርገው ነገር አለ?

ሁለት ኩባንያ አለን፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱ ሲቆም ወደ ሌላው መዞር ተችሏል። ሰፈራችሁ ውስጥ ሁለቱም ሲግናል ካላቸው ሁለት ሲም ያዙ። ሰፈር ከሰፈር ይለያያል፤ መርካቶ አካባቢ የሚሠራው ጅሬን ላይ ላይሠራ ይችላል። ወርሃዊ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት የቀን ጥቅል ገዝታችሁ በሥራ ሰዓታችሁ ሞክሩት።

ራውተሩ ሳሎን ቴሌቪዥን ኋላ ተደብቆ ከሆነ አውጡት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። ከሩቅ ክፍል የምትሠሩ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለውን ምረጡ፤ ግድግዳን የተሻለ ያልፋል። ቅርብ ከሆናችሁ 5 ጊጋ ኸርዙ ይፈጥናል። ስብሰባ ላይ ካሜራ ማጥፋት ዳታውን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል።

ክረምት ይበርደኛል። ከሰል ክፍሌ ውስጥ ባደርግስ?

አታድርጉት። እባካችሁ። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ አያስጠነቅቅም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየው ሥራ የበዛበት መስሎት ጋደም ይላል፣ ከዚያም ላይነሣ ይችላል። ቡና ተፈልቶ የቀረ ፍም ቢሆንም ያው ነው፤ ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ። ለጅማ ብርድ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና ትኩስ ነገር ይበቃል። በምትሠሩበት ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚያም ነገር ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ፤ አየር አግኙና ሕክምና ሂዱ።

ቤት ስላለሁ ሥራ የሌለኝ ይመስላቸዋል። «አንቺ ቤት አይደለሽ?» ይሉኛል።

ይሄን የሚጠይቁኝ በብዛት ሴቶች ናቸው። ልጅ መያዝ፣ እንግዳ ማስተናገድ፣ ገበያ መላክ ሁሉ ወደ እነሱ ይዞራል። መልስ የሚሆነው የሚታይ ነገር ነው። በር ከሌለ መጋረጃ ይሰቀል። መጋረጃው ሲወርድ ሥራ ነው፣ ሲነሣ ነፃ ናት። እናትና አባት በቃል ከተነገራቸው ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን ቶሎ ይለምዱታል። ሰዓቱንም አስቀድማችሁ አሳውቁ፦ «ከ3 እስከ 6 ሰዓት አልገኝም፣ 6 ሰዓት ላይ ቡና አብረን እንጠጣለን።» ያ ቡና ቃል ነው፣ መቅረት የለበትም። ለቅሶ ሲመጣ ግን ሥራው ይቆያል፤ ለአሠሪ ወይም ለደንበኛ ቀድሞ መልእክት መላክ ነው።

ቤት ሆናችሁ የተቀጠራችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላኛውንም ወገን አስታውሱ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይወስነዋል። ከቤት መሥራታችሁ ሌሊቱን የአሠሪው አያደርገውም።

ደንበኛዬ ውጭ አገር ነው። ሰዓቱ ይምታታብኛል።

የእኛ ሰዓት አይለዋወጥም፤ የእነሱ ይለዋወጣል። ኒው ዮርክ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ሲሆን በሐበሻ አቆጣጠር እኛ ጋ በእነሱ በጋ ከቀኑ 10፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 11 ሰዓት ነው። በርሊንም እንዲሁ በአንድ ሰዓት ይዘዋወራል፤ ልዩነቱ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ነው። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሚቀይሩ፣ በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮውን በጽሑፍ አረጋግጡ። «3 ሰዓት» ብላችሁ በሐበሻ አቆጣጠር አትጻፉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉና የአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን ጨምሩ።

ሌሊት እጄ ይደነዝዛል፤ ሳራግፈው ይተወኛል። ከኪቦርዱ ነው?

አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆኑ የደነዘዙት፣ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። አንጓችሁን ወደ ላይ አጥፋችሁ አትጻፉ፤ ከክንድ ጋር ቀጥ ይበል። የጠረጴዛው ጠርዝ ስለታም ከሆነ አስልጉት ወይም ፎጣ አጥፋችሁ ጣሉበት። ማውሱን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ። ሳምንታት አልፎ ካልተሻላችሁ፣ ወይም ዕቃ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ፣ ማሸት ላይ አትቆዩ፤ ሐኪም ይያችሁ። ቶሎ ከተያዘ ሌሊት በሚታሰር ድጋፍ ብቻ የሚሻለው ሰው ብዙ ነው።